ለቅርብ ምትሃት የሚሆን ጠረጴዛ ፍለጋ

ክሎዝ አፕ የምንለው ምትሃት መድረክ አይፈልግም። ካርታ፣ ሳንቲም፣ ሦስት ኩባያና ትንንሽ ኳሶች ይበቁታል። ተመልካቹ አጠገባችሁ ነው፤ እጁን ቢዘረጋ ይነካችኋል። እኔም ለዓመታት የተለማመድኩት ይህንኑ ነው። እጄን በየቀኑ አሠራለሁ። ስለ ጠረጴዛ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። ጠረጴዛ የትም ቤት አይጠፋም ብዬ ካርታዬን በኪሴ ይዤ እሄድ ነበር።

አንድ ምሽት ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በተሰበሰቡበት ሳሎን እንድሠራ ተጠራሁ። እዚያ የጠበቀኝ ጠረጴዛ ሶፋ ፊት የሚቀመጠው አጭሩ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ጠረጴዛ ከወለል ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ነው ከፍታው። ተንበርክኬ ጀመርኩ። ሶፋው ላይ የተቀመጡት አራት ሰዎች ሁሉን አዩ። ከኋላ የቆሙት ያዩት የእኔን አናትና የፊተኞቹን ትከሻ ነው። ኩባያዎቹን አንስቼ የመጨረሻው ነገር ሲገለጥ ፊት ያሉት ጮኹ። ከኋላ አንዲት እናት «ምን ሆነ? ምን አገኙ?» እያሉ ሲጠይቁ ሰማሁ። ወራት የለፋሁበት ነገር እሳቸው ዘንድ አልደረሰም። ቤቴ ገብቼም ያ ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ጠረጴዛ ስፈልግ ኖርኩ። ገዛሁ፣ ሸጥኩ፣ ተዋስኩ፣ በመጨረሻ ራሴ ሠራሁ። እናንተም በዚያው መንገድ እንዳትመላለሱ የደረሰብኝንና የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገዛሁት ለምትሃተኞች ተብሎ የተሠራ ታጣፊ ጠረጴዛ ነበር። ሲያዩት ያምራል። ላዩ ክብ ነው፣ ቀይ ከፋይ ለብሷል፣ ዙሪያው የወርቅ ቀለም ያለው ዘርፍ አለው። ከታች አንድ ቀጭን ምሰሶ በሦስት እግር ቆሟል። ታጥፎ ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በፎቶው ብቻ ወድጄ አዘዝኩት። ሲደርስ የላዩ ስፋት 40 ሳንቲ ሜትር ነው።

አሁን ቁጭ ብላችሁ ቁጥሩን አስሉ። የተለመደው የመጫወቻ ካርታ 63 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 88 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። 52ቱን ካርታ በአንድ መስመር ብትዘረጉና እያንዳንዱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢታይ መስመሩ 57 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በ40 ሳንቲ ሜትር ክብ ላይ ይህ አይሆንም። ካርታውን አጠጋግቼ ብዘረጋው ተመልካቹ ምንም አይለይም። ግማሹን ብቻ ብዘረጋ ደግሞ ሌላው ግማሽ የት ሄደ የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። የኩባያና የኳስ ጨዋታም እንዲሁ ነው። ሦስቱ ኩባያዎች በመካከላቸው እጅ የሚገባበት ቦታ ይፈልጋሉ። በእኔ ኩባያዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆነ።

ይባስ ብሎ ጠረጴዛው ይወዛወዛል። ካርታ በጣቴ በገፋሁ ቁጥር ላዩ ወዲያ ወዲህ ይላል። ኳስ ሳስቀምጥ ይንከባለላል። ሦስቱ እግሮች ደግሞ ወደ ውጭ ስለሚዘረጉ ሰው ሲጠጋ በጫማው ይመታቸዋል። ለቆንጆ ማስቀመጫነት፣ ለአንድ ሳጥን ወይም ለአንድ የአበባ ዕቃ፣ መጥፎ አይደለም። ለሚሠራበት እጅ ግን አልሆነም። ስለዚህ ስፋት ስትመርጡ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች አትውረዱ። ጥልቀቱ፣ ማለትም ከእናንተ እስከ ተመልካቹ ያለው፣ 40 ወይም 45 ቢሆን ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ተመልካቹን ከእጃችሁ ያርቀዋል።

የመስታወት ጠረጴዛ ጉዳይ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። አንድ ቤት ጋባዦቹ ያዘጋጁልኝ እሱን ነበር። ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውድ ጠረጴዛ። እንዴት እምቢ ልበል? ሳንቲም እየሠራሁ ሳለ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልጅ በጣቱ ወደ ጠረጴዛው አመለከተና «እዚያ ውስጥ ይታያል» አለ። እውነቱን ነው። እጄን ከላይ ስይዝ መዳፌ ከታች በመስታወቱ ላይ ይነበብ ነበር። ልጁ ከሁሉም ዝቅ ብሎ ስለተቀመጠ ነው ያየው። ከዚያ ወዲህ የሚያብረቀርቅ ነገር ላይ፣ መስታወትም ይሁን በቫርኒሽ የሚያንጸባርቅ እንጨት፣ ጨርቅ ወይም ምንጣፍ ሳልዘረጋ አልሠራም። መስታወት ሌላም ጣጣ አለው። ከሥሩ ያለውን ሁሉ ያሳያል። ጉልበታችሁን፣ እግራችሁን፣ ወንበር ሥር ያለውን ቦርሳ።

ቀጥሎ የሞከርኩት ቤት ውስጥ ምግብ የሚቀርብበትን ዓይነት ታጣፊ ጠረጴዛ ነው፤ እግሩ እንደ መቀስ የሚከፈተውን። ዋጋው ቀላል ነው፣ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠነክራል። ግን ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛው፣ ዙሪያውን ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ጠርዙ ሰሐን እንዳይንሸራተት ነው የተሠራው። እኛ ግን ሳንቲምን ወደ ጫፍ ስበን ማንሳት አለብን። ካርታን ከጫፍ ላይ አንሸራተን በእጅ መቀበል አለብን። ጠርዝ ካለ እጅ ይሰናከላል። ሁለተኛው ቁመቱ ነው። 65 ሳንቲ ሜትር ላይ ቆሜ ስሠራ ጎንበስ ማለት ግድ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ጎንበስ ብላችሁ ስትቆዩ ወገብ ብቻ አይደለም የሚታመመው። ፊታችሁ ከተመልካቹ ይሰወራል። ድምፃችሁ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። ዓይን ለዓይን ካልተያያችሁ ደግሞ ምትሃቱ ግማሹ ጠፋ።

ያኔ ነው ሜትር አውጥቼ ቁመትን በደንብ ማጥናት የጀመርኩት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይኼን ውሰዱ። ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጓችኋል። አንዱ የእናንተ ክርን ከወለል ያለው ከፍታ ነው። ሌላው የተመልካቹ ዓይን ከወለል ያለው ከፍታ ነው።

ቆማችሁ የምትሠሩ ከሆነ ጠረጴዛው ከክርናችሁ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢል እጅ ዘና ይላል። የእኔ ክርን 104 ላይ ነው። ስለዚህ ለእኔ 90 አካባቢ ተመቸኝ። አሁን ደግሞ ወደ ተመልካቹ ዙሩ። ተራ ወንበር ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ዓይኑ ከወለል 120 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ላይ ይሆናል። ጠረጴዛው 90 ከሆነ ዓይኑ ከላዩ በ30 ብቻ ይበልጣል። ካርታ ጠፍጣፋ ስታስቀምጡለት በቀጭን ማዕዘን ነው የሚያየው። ቁጥሩን ለማንበብ ይቸገራል። ጠረጴዛው 110 ቢሆን ደግሞ ጨርሶ አይታየውም። ልማዳዊው የመመገቢያ ጠረጴዛ ከ72 እስከ 76 ነው። እዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ከላይ ወደ ታች አጥርቶ ያያል።

ለዚህ ነው አንድ ትክክለኛ ቁመት የለም የምለው። ተመልካቹ ቆሞ ከሆነ፣ ግብዣ ላይ ሰው ቆሞ የሚጨዋወትባቸው ከ105 እስከ 110 የሚደርሱ ረጃጅም ክብ ጠረጴዛዎች ይሠራሉ፤ በተለይ ረጅም ሰው ከሆናችሁ። ተመልካቹ ተቀምጦ እናንተ ከቆማችሁ ከ85 እስከ 90 መካከል መስማማት ነው። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ከመተው ይልቅ በእጃችሁ አንስታችሁ ማሳየትን ልመዱ። ሁላችሁም ከተቀመጣችሁ የመመገቢያ ጠረጴዛ ይበቃል፤ ሌላ አትፈልጉ።

መቀመጥን ብዙ ጀማሪ ይንቀዋል። እኔም ንቄው ነበር። ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ስሙን የተከለው ቶኒ ስሊዲኒ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ያረፈው፣ ከክሎዝ አፕ ታላላቆች አንዱ ነው። እሱ የሚታወቀው ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ በሚሠራው ሥራ ነው። በአንድ አደጋ ቀኝ እጁን በልጅነቱ ያጣው አርጀንቲናዊው ሬኔ ላቫንድም ተቀምጦ፣ በአንድ እጁ፣ በካርታ ሰውን ያስደምም ነበር። ተቀምጦ መሥራት ሰውነትን ያረጋጋል። ተመልካቹም ይረጋጋል። መቀመጥን የሚጠይቁ ሥራዎችም አሉ፤ የሚሠራቸው ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዝርዝሩን እዚህ አልጽፍም። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ መጀመሪያ የምትሠሩትን ጨዋታ ዘርዝሩ። መቀመጥ የሚፈልገው ከበዛ ጠረጴዛችሁ ተቀምጣችሁ የምትሠሩበት ይሁን። ጉልበት የሚገባበት ባዶ ቦታ ይኑረው። ከሥሩ ወፍራም አግዳሚ ወይም መሳቢያ ያለበት ጠረጴዛ ለዚህ አይሆንም። ተመልካቾች ግን ከአምስት ወይም ከስድስት ከበዙ መቀመጥ ያስቸግራል። ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ ያ «ምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ ይመለሳል።

የእኔ ሥራ በአብዛኛው ለአሥራ አምስትና ለሃያ ሰው ነው። መቆም አለብኝ ማለት ነው። ቁመቱ የሚቀያየር ጠረጴዛ ያስፈልገኝ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት የሙዚቃ ኪቦርድ ከሚቀመጥበት ማቆሚያ ነው። እንደ ኤክስ ፊደል የሚከፈተውን የብረት ማቆሚያ ማለቴ ነው። አንድ ጓደኛዬ ቤት ባዶውን ቆሞ አየሁት። የስዕል መለማመጃ ሰሌዳ ከላዩ አጋድሜ በእጄ ጫን አልኩት። ንቅንቅ አላለም። በዚያው ቀን ተዋስኩትና ቤቴ ወሰድኩት።

ማቆሚያውን ስትመርጡ አጥንቱ ድርብ የሆነውን ውሰዱ። ነጠላው ርካሽ ነው፤ ግን ይጠማዘዛል። ይኼን ደግሞ ልብ በሉ፦ ኤክሱ ከፍ ባለ ቁጥር ሁለቱ ክንዶች ይቀራረባሉ። ከታች ያሉት እግሮችም ይቀራረባሉ። ስለዚህ በጣም ከፍ ሲል መረጋጋቱ ይቀንሳል። የመጨረሻው ከፍታ ላይ አድርሳችሁ አትሥሩ። አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉት። ከሥሩ ጉልበት የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ተቀምጦ ለሚሠራ ሰውም አልመክረውም።

ላዩን ያሠራሁት ከ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። 70 በ45 ሳንቲ ሜትር አድርጌ አስቆረጥኩት። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ሆነ። ቺፑድም ይሆናል፤ ግን ይከብዳል፣ ጠርዙም ቶሎ ይፈረፈራል። ከሥሩ የማቆሚያው ክንዶች የሚገቡበት አራት ቀጫጭን እንጨቶች በኮላና በቪቴ አስመታሁ። ለአንዱ ከፍታ ሁለት፣ ለሌላው ሁለት። ክንዶቹ እንደየከፍታው ስለሚቀራረቡ አንድ ጥንድ ብቻ አይበቃም። እነዚህ እንጨቶች ከሌሉ ሰሌዳው ሊንሸራተት ይችላል። አንድ ቀን አንድ ሰው ተደግፎት ቢወድቅ አስቡት።

ወደ እኔ የሚዞረውን የፊት ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ክብ አደረግኩት። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሳንቲም ስስብ፣ ካርታ ሳነሳ፣ እጄ የሚያርፈው እዚያ ነው። ስለታም ጠርዝ የእጅጌን ጨርቅ ይይዛል።

ማልበሱ ላይ አንድ ስህተት ሠርቻለሁ። ፌልት የሚባለውን ለስላሳ ጨርቅ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ብዙ ማጣበቂያ አፍስሼ ለጠፍኩት። ማጣበቂያው በጨርቁ አልፎ ወጣና ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። ቦታ ቦታውን ጠቃጠቆ ሆነ። ገሽልጬ እንደገና ጀመርኩ። በሁለተኛው ጊዜ ከሥር ስስ ስፖንጅ አነጠፍኩ። ጨርቁን ከላይ ወጥሬ ከሰሌዳው ሥር ብቻ በስቴፕለር ያዝኩት። ላዩ ላይ ምንም ማጣበቂያ የለም። ሲያረጅም ጨርቁን ብቻ መቀየር ይቻላል።

ለስላሳ ልባስ ላይ የምደክመው ለምን መሰላችሁ? ባዶ እንጨት ላይ ካርታ ተለጥፎ ይቀራል። ጣት ከሥሩ አይገባም። ሳንቲምም እንዲሁ። ከሥር ትንሽ የሚሰምጥ ነገር ካለ ጫፉን ጫን ስትሉት ሌላው ጫፍ ብድግ ይላል። ድምፅም አለ። ሳንቲም ባዶ እንጨት ላይ ሲያርፍ ይጮኻል። ጩኸቱ የሚያስፈልግበት ጨዋታ አለ፣ ጠረጴዛውን አልፎ ወደቀ ስትሉ ለምሳሌ። ዝምታ የሚሻልበትም አለ። እኔ ልብሱ ላይ እየሠራሁ ድምፅ ስፈልግ ሳንቲሙን ብርጭቆ ውስጥ እጥለዋለሁ።

ሰሌዳ መሥራት የማትፈልጉ ከሆነ ዝግጁ የሆነ የክሎዝ አፕ ምንጣፍ ግዙ። አብዛኛው ከሥሩ እንደ ዋናተኞች ልብስ ያለ ኒዮፕሪን ላስቲክ አለው። አይንሸራተትም። ትንሹ 28 በ40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ለሳንቲምና ለጥቂት ካርታ ይበቃል። ካርታ ለመዘርጋት ትልቁ፣ 40 በ58 የሚጠጋው፣ ይሻላል። ስትጠቀልሉት የሚሠራበትን ፊት ወደ ውጭ አድርጉ። ያኔ ስትዘረጉት ጫፎቹ ወደ ላይ አይቆለመሙም፤ ወደ ጠረጴዛው ይተኛሉ። ቀለሙን በሚቀመጥበት ነገር ምረጡ። ጥቁር ላይ ብር ሳንቲም ያበራል፤ ጥቁር ኳስ ይጠፋል። እኔ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው የመረጥኩት። ቀይም ሰማያዊም ጀርባ ያለው ካርታ እዚያ ላይ ይለያል።

ስለ ጨርቅ ካነሳን አይቀር አንድ ነገር። ማቆሚያው ብረት ስለሆነ አያምርም። መጀመሪያ እስከ ወለል የሚደርስ ረጅም ጨርቅ አለበስኩት። አንድ ተመልካች ገና ሳልጀምር «ሥሩ ማን አለ?» ብሎ ጨርቁን ገለጠው። ይኼ ጥርጣሬ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ብዙ ምትሃተኞች ረጅም ጨርቅ የለበሰ ትልቅ ጠረጴዛ ይጠቀሙ ነበር። ረዳት ከሥሩ ይደበቃል። እ.ኤ.አ. በ1845 ፓሪስ ውስጥ የራሱን ቲያትር የከፈተው ፈረንሳዊው ምትሃተኛ ሮቤር ሁዳን ያን ትቶ በቀላልና በማይሸፍኑ ጠረጴዛዎች መሥራቱ ከሚታወስባቸው ነገሮች አንዱ ነው። እኔም ጨርቁን ቆርጬ ከፊት በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ አስቀረሁ። ብረቱ ይታያል። ይታይ። ሰው ከሥሩ ምንም እንደሌለ በዓይኑ ሲያይ ሐሳቡን ወደ እጄ ይመልሳል።

ማንኛውንም ጠረጴዛ፣ የተገዛም ይሁን የተዋሳችሁት፣ በሦስት ነገር ፈትኑት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ከላዩ አስቀምጡና ካርታችሁን ዘርግታችሁ ሰብስቡ። ውሃው ከልክ በላይ ከተናወጠ ኩባያዎቻችሁም ይናወጣሉ። ኳስ አስቀምጡና ጠብቁ፤ ወደ አንድ በኩል ከሄደ ወለሉ ወይም እግሩ ያጋደለ ነው። አጥፋችሁ ካርቶን ከእግሩ ሥር ጠቅጥቁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሙሉ ዝግጅታችሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ ሥሩበት። እኔ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጨዋታ ብቻ ሞክሬ ገዝቼ ተጸጽቻለሁ። አራተኛው ጨዋታ ላይ ነው ቦታ የሚያልቀው፤ የተጠቀማችሁበት ዕቃ ሁሉ የሚቀመጥበት ያጣል።

የሚመቻችሁን የጠረጴዛ ቁመት ገና ካላወቃችሁ ገንዘብ አታውጡ። ቤት ውስጥ ቁመቱ የሚስተካከል የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ ካለ ከላዩ ሰሌዳ አድርጉና ለአንድ ሳምንት ተለማመዱበት። ዛሬ 80፣ ነገ 85፣ ከነገ ወዲያ 90 አድርጉት። የትኛው ላይ ትከሻችሁ እንደሚረሳ ታውቁታላችሁ። ለትርኢት አይሆንም፤ ለመለካት ግን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም።

ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞራችሁ ለተቀመጡ ሰዎች የምትሠሩ ከሆነ የራሳችሁን አትሸከሙ። የእነሱ ጠረጴዛ በብርጭቆና በሰሐን ተሞልቷል። ትንሹን ምንጣፍ ያዙ፤ አስፈቅዳችሁ የምትዘረጉበት ቦታ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ካላገኛችሁ በእጃችሁና በተመልካቹ መዳፍ ላይ የሚሠራውን ምረጡ።

አሁን የምጠራበት ቤት ከሰዓቱ አርባ ደቂቃ ቀድሜ እደርሳለሁ። ጠረጴዛዬን ብርሃን ከፊት ለፊቴ ወይም ከጎን በሚመጣበት ቦታ እተክላለሁ፤ ከጀርባዬ መስኮት ካለ እጄ ጥላ ይሆናል። ከዚያ አራት ካርታዎችና ሦስቱን ኩባያዎች ከላይ እተዋለሁ። ሄጄ በየወንበሩ እቀመጣለሁ። ጥግ ላይ ያለውም፣ ኋላ ያለውም አይቀረኝም። ከኋለኛው ወንበር የካርታው ቁጥር ካልተነበበኝ ተመልሼ ጠረጴዛውን አንድ ደረጃ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ወይም ያን ወንበር አንስቼ ወደ ፊት አመጣዋለሁ።